ያልተነሣንበት ሰኔ

ባለፈው ሳምንት የዓይን መድኃኒቴን ልቀበል ወጥቼ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚታጠፈው ጥግ ላይ የዓሣ ጥብስ ሽታ ያዘኝ። ቆምኩ። እግሬን ሂድ ብለው አልሄድ አለኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ዓሣ በዘይት ተጠብሶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ በመንገድ ይሸጣል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ «እማማ፣ አረፍ ይበሉ፣ ትኩስ ነው ይቅመሱ» ብሎ የፕላስቲክ ወንበር ሳበልኝ። አጎንብሼ ትሪውን ባየው ዓሣ የሚባል ነገር አይደለም፤ ጣት ጣት የሚያህል፣ ገና ውኃ ያልጠገበ ፍጥረት ተደርድሯል። መካከሉ ላይ ደግሞ ሆዷ ያበጠ፣ እንቁላሏ ከዘይቱ ጋር የፈሰሰ አንዲት አለች። በምን ነው የያዛችሁት ልጄ ብለው፣ በመረብ ነው እማማ፣ ከጨሞጋ ወንዝ፣ ማታ ዘርግተው ጠዋት ያመጡልኛል አለኝ ደስ ብሎት። ሰኔ መግቢያ ነው እኮ። ወንበሩን ገፋ አደረግሁለትና መድኃኒቴንም ሳልቀበል ቤቴ ተመለስኩ። አብራኝ የወጣችው የልጅ ልጄ በመንገድ ላይ ምን ሆነሽ ነው ብላ ብትጠይቀኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ቤት ገብቼም አልበረደልኝም። ይህን የማስጽፈው ከእሷ ጋር ተቀምጬ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ስንተኛው ዓመት እንደነበር አትጠይቁኝ። ጣልያን ከገባ በኋላ፣ ሳይወጣ በፊት ነው፤ ይበቃችኋል። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ዛሬ ባንክ የቆመበት ቦታ ላይ የአረቡ ሱቅ ነበር፤ መርፌ፣ የጥልፍ ክር በየቀለሙ፣ ሽቶ በትንንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። ከሱቁ ፊት ለፊት የጣልያን ወታደሮች የሚጠጡበት ቤት ነበር፤ ሸክላ ያዘፍናሉ። ዘፈኑ ምን እንደሚል ከእኛ የሚያውቅ የለም። ለገበያ የወጣን ሴቶች ግን የእንስራ ማዘያችንን የምናስተካክል መስለን እዚያች ጥግ ላይ እንቆም ነበር። ጠላት ነው፤ ዘፈኑ ግን ደስ ይላል፤ ምን ይደረግ። ካሚዮን ሲያልፍ አቧራው ሰው ከሰው አያስተያይም፤ ሽታው ቀሚሳችን ላይ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ሊሬ የሚሉትን ወረቀት አምጥተው ገበሬውን በዚህ ሽጥ አሉት፤ ገበሬው አሻፈረኝ አለ። ጠገራ ብር ድንጋይ ላይ ጥለህ ድምፁን ሰምተህ ታውቀዋለህ፤ ወረቀት ዝናብ ያገኘው እንደሆነ ምን ይሆናል? እናቴ ለቅቤዋ የሰጧትን ሊሬ ምድጃ ለኮሰችበት። አቡጀዲ ተወዶ አይነካም ነበር። አንዲቱን የጥልፍ ቀሚሴን ለክት ሰቅዬ፣ ዘወትር የምለብሰው ከባሌ አሮጌ እጀ ጠባብ ተቀዶ የተሰፋ ነገር ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ ልብሷን አንድ ጊዜ ለብሳ ሰለቸኝ ስትል ዝም ብዬ አያታለሁ።

መንደራችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጨሞጋን ተከትሎ ነው። ባሌ አርበኛ ሆኖ ዱር ከገባ ከርሟል። ሲሄድ ጠመንጃውን ይዞ መንጠቆውን ትቶልኝ ሄደ። ከብቶቻችንን የጣልያን ምሽግ ወታደሮች ነድተው በልተዋቸዋል፤ ጎተራው ሲያንኳኩት ባዶነቱ ይሰማል። መንጠቆውን አነሣሁ። ዘንጉ ሽመል ነው፤ ገመዱ ከፈረስ ጭራ የተገመደ፤ መንጠቆው ባለ እጅ ቀጥቅጦ የሠራው። ሴት መንጠቆ ይዛ ወንዝ ዳር ስትቀመጥ ያየ አልነበረምና ወንዶቹ ሣቁብኝ፤ ዓሣውን ልታገባው ነው አሉ። የመንጠቆኞቹ አባት አያ ፈንቴ ብቻ አልሣቁም። አንድ ጆሯቸው የማይሰማ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ ነበሩ። ዝም ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የሚያውቀኝ ያውቀኛል፤ ለእኔ ከሞት የሚከብደው ዝም ማለት ነው። ግን ርሃብ ያስተምራል፤ ተማርኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ከሣቁብኝ ወንዶች የበለጠ ይዤ የምገባበት ቀን ነበር። የተረፈውን አድርቀን ዱር ላሉት እንልክላቸዋለን።

ወንዙ ሕግ ነበረው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ አያ ፈንቴም ከአባታቸው ነው የሰሙት። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ ዓሣው እንቁላሉን ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል። ትልቁ ሾላ ሥር ወንዙ በሁለት ቋጥኝ መካከል ይጠብባል፤ ያገሩ ዓሣ ሁሉ በዚያች በር ነው የሚያልፈው። በዚያ በር ላይ መረብ አይጣልም። በመንጠቆ የያዝካትም ሆዷ የከበደ ከሆነ አፏን ፈትተህ ትለቃታለህ። ሌላው ሕግ የአራስ ዓሣ ነው። መንጠቆኛ በዕለቱ መጀመሪያ የያዛትን ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ አራስ ካለችበት ቤት ደጃፍ ላይ ይሰቅላል። የወዳጅ ቤት የጠላት ቤት አይባልም። የሰኔ ጾም ቢሆንም አራስ ትበላለች። ለሌሎቻችን ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም በሚለው ቄሳችንና ደብተራው ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረዋል፤ እኛም እነሱ እስኪጨርሱ ድረስ እየበላን ጠበቅናቸው። ቄሱ ደብረ ወርቅ የተማሩ፣ ቅኔ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ዓሣ ሲቀርብላቸው ግን ክርክሩን ይረሱታል።

ከዚያ በዓመቱ ባለ ባርኔጣው መጣ። ስሙን አልጠራም፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬም ከተማው ውስጥ አሉ፣ ምንም አላጠፉ። ያገራችን ሰው ነው፤ ለጣልያን አድሮ ያካባቢው ሹም ተደርጓል። ዝናብ ዘነበ ፀሐይ ወጣ የጣልያን ባርኔጣውን አያወልቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ እንደደፋው ነው። ምሽጉ ውስጥ ያሉት ነጮች ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ዓሣ ይፈልጋሉ። በመንጠቆ የሚያዘው አልበቃ አላቸው። እሱ ሊሾም ሊሸለም በካሚዮን መረብ አስመጣላቸው። ሬንጅ የተነከረ ጥቁር ገመድ ነው፤ ጠርዙ ላይ የእርሳስ ፍሬ ተንጠልጥሎበታል፤ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ይዘጋዋል። የሚጥልለት ሰው ፈለገ። ያገኘው ማንን ይመስላችኋል? ወንድሜን፣ አያሌውን። የእናቴን ልጅ።

አያሌው ክፉ አልነበረም። በሬዎቹን ምሽጉ ወስዶበታል፤ ክረምቱን ዓሣ ካቀረብክ ይመለሱልሃል አሉት። ሚስቱ የሺ ወሯ ገብቷል። በሰኔ በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ገበሬ የሆነ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ዛሬ እላለሁ። ያኔ ግን መረቡ በሩ ላይ ተወጥሮ፣ ዓሣው ከታች እየመጣ ሲላተም፣ እንቁላሉ ድንጋዩ ላይ ሲፈስ ሳይ ዓይኔ ደም ለበሰ። ለነጮቹ ማዕድ የማይሆነውን ትንሽ ትንሹን ዳር ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ጆፌ አሞራ ይሰፍርበታል። ከመረቡ በላይ ያለው ወንዝ ባዶ ሆነ። የላይኛው መንደር ሰው መንጠቆውን ጥሎ ውሎ ባዶ እጁን መግባት ጀመረ። ዱር ላሉት የምንልከውም ቀረ። በአጥር ላይ ሆኜ ወንድሜን ለመንኩት፤ ሰደብኩት፤ እንደገና ለመንኩት። በሬዎቼን አንቺ ትመልሺልኛለሽ ወይ አለኝና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አያ ፈንቴ መንጠቆኞቹን ሾላው ሥር ሰበሰቧቸው፤ ቄሱም መጡ። መረቡን እንቁረጠው ያለ ነበር። ቄሱ አይሆንም አሉ፤ መረቡ የምሽጉ ነው፣ ብንቆርጠው መንደሩን ያጋዩታል። አያ ፈንቴ በደህናው ጆሯቸው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ መረቡ የምሽጉ ነው፣ የሚጥለው እጅ ግን የእኛ ነው፣ እሳት እንከልክለው አሉ። የዛሬ ልጅ ይህ ምን እንደሆነ አይገባውም። ያኔ ገጠር ውስጥ ክብሪት የለም። ምድጃህ የጠፋ እንደሆነ ገል ይዘህ ጎረቤት ሄደህ ፍም ጭረህ ትመጣለህ። እሳት የተከለከለ ሰው ከሁሉም ተከለከለ ማለት ነው፤ ደቦ የለው፣ ሰንበቴ የለው፣ እንደምን አደርክ የሚለው የለው። እሳቱ ደግሞ ያለው በሴቶች እጅ ነው። ከመንጠቆኞቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ፣ የአያሌው ጎረቤትም እኔ፣ ቤታችን የሚለያየው በአንድ አጥር። እኔ እምቢ ካልኩ ነገሩ አበቃ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ አሉኝ አያ ፈንቴ።

«መጀመሪያ የሚዘጋው በር የእኔ ይሁን» አልኩ። አልቅሼ እንዳይመስላችሁ፤ ተቆጥቼ ነው ያልኩት።

አያሌው ሲሰማ ሣቀ። ምድጃው ረመጥ አለው፣ ምን ቸገረው። ነገር ግን የቤቱ ክዳን አርጅቶ ነበር። ሳሩን ከምሮ፣ ጠላ አስጠምቆ ደቦ ጠራ፤ አንድ ሰው አልመጣም። ጠላው ሆምጥጦ ተደፋ። ዝናቡ በክዳኑ ገብቶ ምድጃውን አራሰው፣ እሳቱ ጠፋ። በዚያው ሰሞን የሺ ወለደች፤ ሴት ልጅ። አዋላጇ ሥራዋን ሠርታ ወጣች፣ እሳት ግን አላመጣችም። ገንፎ ያልተገነፋበት የአራስ ቤት ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አያሳየኝ። መንጠቆኞቹ እንደገና ሾላው ሥር ተቀመጡና አራስ መጣች፣ ምን ይሁን ተባባሉ። እንግዲህ ያገሬን ሰው ግትርነት እዩልኝ። የአራስ ዓሣ ሕግ ነው፣ አይቀርም፤ የእሳቱም ክልከላ ቃል ነው፣ አይፈርስም ብለው ተነሡ። ስለዚህ በየማለዳው አንዱ መንጠቆኛ የመጀመሪያ ዓሣውን በቅጠል ጠቅልሎ አያሌው ደጃፍ ላይ ይሰቅላል። ጥሬ ዓሣ፣ እሳት በሌለበት ቤት። አያሌው ጠዋት ሲወጣ ግንባሩ ይነካዋል፤ አውርዶ ለውሻ ይሰጠዋል።

አንድ ቀን ምሽግ ሄዶ ባለ ባርኔጣውን ክብሪት ለምኖ አመጣ። የሺ ተቀበለችውና በደጃፉ አሽቀንጥራ ጭቃው ውስጥ ጣለችው። በሬዬን የበላ ሰው እሳት ልጄን አያሞቃትም አለችው። ከአጥሩ ማዶ ሆኜ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ የእኔ ምድጃ ከዚያ አጥር ወዲህ ቦግ ብሎ ይነዳል። ብዙ ጊዜ ገሉን አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ።

ተራው ለእኔ ደረሰ። ማለዳ አንዲት ደህና ዓሣ ይዤ ሄጄ ደጃፉ ላይ ስሰቅል የሺ ከውስጥ ጠራችኝ። ጎርፉ በርትቶ ስለነበር አያሌው መረቡን ከወንዙ አውጥቶ ቤት አስገብቶታል፤ እሱ ራሱ የለም።

«እታለም፣ እሳቱ የሚመለሰው በምንድን ነው?» አለችኝ።

«በመረቡ» አልኳት።

«አልጋው ሥር ነው ያለው። ፍሙን ይዘሽ ነይ።»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ፍሙን በገል ይዤ፣ ዝናቡ እንዳይነካው ገሣዬን ጋርጄበት ተመለስኩ። የሺ በዚያ ደም በሌለው ፊቷ ተቀምጣ መረቡን በቢላ ስትተለትል ደረስኩ። ሬንጅ ሲይዝለት እሳት ሌላ ነው፤ ገና ሲነካው ነደደ። ቤቱ ጥቁር ጢስ ሞላ፤ ሕፃኗን ይዤ በር ላይ ወጣሁ፣ የሺ እያሳላት ዓሣዋን እላዩ ላይ ጠበሰችው። አያሌው የመጣው ያኔ ነው። ምድጃውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ። አመዱ ውስጥ የእርሳስ ፍሬዎቹ ግማሽ ቀልጠው ያበራሉ። በሬዎቹ እንግዲህ እንደማይመለሱ መረዳቱ ፊቱ ላይ ይታያል። የሺ ከዓሣው ቆርሳ ዘረጋችለት።

«ወይ ብላ፣ ወይ ሄደህ ንገር» አለችው።

ብዙ ቆመ። ከዚያ ቁጭ አለና በላ። ዓሣው ሬንጅ ሬንጅ ይል ነበር፤ አጥንቱ ብቻ ቀረ። የእርሳስ ፍሬዎቹን በእንጨት እየጫረ አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ ለእኔ ሰጠኝ፤ ለመንጠቆ ማስጠሚያ ይሆኑሻል አለኝ። አንዷ እስካሁን ከሣጥኔ ቁልፍ ጋር ታስራለች።

ባለ ባርኔጣው መረቡ የታለ ሲል አያሌው ወንዙ ዳር አስቀምጬው ጠፋብኝ አለ። ባለ ባርኔጣው ግን ጅል አይደለም። የሬንጅ ጢስ የሸተተው ሰው ነግሮታል፤ ከማን ቤት እንደወጣ ብቻ አላወቀም። አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ የቆየ ያገር ሥርዓት ነው፤ አጥፊ ያልታወቀ እንደሆነ ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ማንም አይነሣም። ያየ የሰማ ሰው በስውር ይናገራል፤ ያንን ተናጋሪ ወፍ ይሉታል። ለሌባና ለነፍሰ ገዳይ የተሠራውን ሥርዓት እሱ ለመረብ አመጣው። አራስ እንኳ አትቀርም ብሎ ሁላችንን ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሰበሰበን። የሺ ልጇን ገሣ ሥር አድርጋ መካከላችን ተቀመጠች። መረቡን ያቃጠለ ሰው ምሽጉ በር ላይ ይሰቀላል ብሎ ማለ፤ ሲሰቅሉም አይተናል። አንድ አፍ ቢከፈት የሺ አለቀላት፤ ሕፃኗም እናት የላትም። እኔም ያው ነኝ፤ ግን እውነቴን ነው፣ ያን ቀን የማስበው የእሷን ነበር። ከጎረቤት ጢሱን ያላየ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል።

ባለ ባርኔጣው መጀመሪያ አያሌውን አቆመው። መረቡ በአንተ እጅ ነበር፣ የተቃጠለው አንተ ቤት መሆን አለበት አለው። ወፉ ወንድሜ እንዳይሆን ፈራሁ፤ የሜዳው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ቤት እሳት የለም። አገሩ እሳት ከልክሎኛል፤ ይጠይቋቸው» አለ አያሌው።

አያ ፈንቴ ከተቀመጡበት፣ እውነት ነው፣ ከልክለነዋል አሉ። ቄሱ እውነት ነው አሉ። ደቦውን የቀሩበት ሁሉ፣ ሰላምታ የነሡት ሁሉ፣ እውነት ነው፣ እውነት ነው፣ ሜዳው ተቀበለው። የዋሸ ሰው እኮ የለም፤ ከልክለነው ነበር። ባለ ባርኔጣው በገዛ እጄ ክብሪት ሰጥቼሃለሁ ብሎ ጮኸበት። አያሌው ከጉያው ክብሪቱን አወጣ፤ ጭቃ በልቶት፣ አብጦ፣ አንዷም ሳትጫር። በሁለት እጁ አድርጎ መለሰለት። ከኋላዬ አንዲት ሴት ሣቋን በነጠላዋ አፈነች። ባለ ባርኔጣው ፊቱ ተለዋወጠ፤ እንግዲያው ወፉ እስኪናገር እዚህ ትበሰብሷታላችሁ፣ ማንም ንቅንቅ እንዳይል ብሎ ለራሱ ያስተከለው ድንኳን ውስጥ ገባ።

ተቀመጥን። መሸ፣ ነጋ፣ ተቀመጥን። ዝናቡ በገሣችን ላይ ይወርዳል፤ የያዝነውን ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ እናዞራለን። የሺ መካከል ላይ ስለሆነች ሴቶቹ ከነፋሱ ከልለዋታል። ማንም ምንም እንዳትፈሪ አላላትም፤ ቦታ ብቻ ጠበብ አድርገው ተጠጓት። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፤ መረብ የለማ፤ በዓይናችን ፊት ዓሣው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። በዚያች በር ላይ ጀርባው እያብለጨለጨ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይዘላል። መንጠቆኞቹ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከሴቶቹ አንዷ ቀስ ብላ ጀመረችው፣ እኛም ተቀበልናት፦

መረብህን ጣለው፣ ወንዙን ልቀቀው፣
ዓሣው ሽቅብ ይሂድ፣ አገሩን ይወቀው።

ባለ ባርኔጣው የረሳው ነገር ነበር። ለምሽጉ እንጨት የሚያቀርበው ማን ነው? ሳር የሚያጭደው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ካሚዮኑ የሚያልፍበትን መንገድ ድንጋይ የሚፈልጠው ማን ነው? ሁላችንም ሜዳ ላይ ነን፤ እሱ ነው ንቅንቅ አትበሉ ያለን። ካሚዮኑ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ የሚያወጣው ጠፋ። የምሽጉ አለቃ፣ ነጩ፣ በበቅሎ መጥቶ በአስተርጓሚው በኩል ባለ ባርኔጣውን እዚያው ፊታችን ሙልጭ አድርጎ ሰደበው። ምን እንዳለው ባንሰማም ገብቶናል። ባለ ባርኔጣው ወደ እኛ ዞረና በቃ፣ ተነሡ፣ ወደ ሥራችሁ አለን። አልተነሣንም። ተነሡ እኮ ነው የምላችሁ አለ። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች፣ የሺ ጡቷን ሰጠቻት፤ ቀና ብላም አላየችው። አያ ፈንቴ ያኔ በዘንጋቸው ተደግፈው፣ ሳይነሡ፣ ተናገሩ።

«ጌታው፣ ሥርዓቱን የጠሩት እርስዎ ነዎት። አጥፊው ሳይታወቅ አይነሣም። እዚህች በር ላይ መረብ አይጣልም ብለው በመስቀል ይማሉልን፤ ያኔ ዳኝነቱ አለቀ ብለን እንነሣለን።»

ነጩ በቅሎው ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ባለ ባርኔጣው ግራ ቀኝ አየ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተጠጉት። መስቀል ለመሳለም ባርኔጣ ይወልቃል። አወለቀው። ለካስ መላጣ ኖሯል። ሜዳው ላይ ሣቅ ሊፈነዳ ሲል ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ያዘው። ማለ፣ ተሳለመ። ነጩ የዓርቡ ዓሣስ ብሎ በአስተርጓሚ ሲያስጠይቀው፣ ከወንዙ ጠፍቷል በለው አለ፤ ከጀርባው ዓሣው እየዘለለ። መጀመሪያ የተነሣችው የሺ ናት። ከእሷ በኋላ ሁላችንም ተነሣን።

ሁሉ ነገር አማረ አልላችሁም። አያ ፈንቴን ሌላ ሰበብ ፈልገው ምሽግ ወስደው ገረፏቸው፤ ጀርባቸው እስኪሞቱ አልዳነም፤ መንጠቆ መወርወር አቃታቸው፣ ወንዝ ዳር እየተቀመጡ ግን እኛን ይቆጣሉ። የአያሌው በሬዎች አልተመለሱም። መንደሩ ደቦ ወጥቶ ቤቱን ከደነለት፤ በመንደሩ የተረፈውን አንድ በሬ ከፈረስ ጋር ጠምደን ማሳውን አረስንለት፤ ከሁሉም ምድጃ እየተጫረ እሳት መጣለት። ሕፃኗን ቆየች አሏት። ባሌ ጣልያን ሲወጣ ተመለሰ፤ ቤት ገብቶ ውኃ እንደጠጣ መንጠቆዬ የታለ አለኝ። የማን መንጠቆ አልኩት። እስኪሞት ድረስ የራሱን ሌላ አሠርቶ ተጠቀመ።

አሁን ታዲያ ምን ላድርግ? እሳት አልከለክል ነገር፣ ልጁ ክብሪትም አለው፣ የጋዝ ምድጃም አለው። ቀበሌ ሄድኩ፤ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ይምጡ አሉኝ። በነጋታው በርጩማዬን ይዤ ወጣሁ፤ ቀበሌ ግን አልሄድኩም። ከመናኸሪያው ጥግ፣ ከልጁ መጥበሻ ፊት ለፊት አስቀመጥኩትና ተቀመጥኩ። ልጁ ደነገጠ። እማማ ምን ሆኑ አለኝ። ምንም፣ ተቀምጫለሁ አልኩት። ሊገዛ የመጣው ሁሉ ምን ሆኑ እማማ ይለኛል፤ እኔም ትሪው ላይ ያለችውን ባለ እንቁላሏን አሳየዋለሁ፣ ሰኔ መሆኑን እነግረዋለሁ። የሚገዛ ይገዛል፤ ትቶ የሚሄድም አለ። ጨሞጋ ላይ በመንጠቆ የሚይዙ ጎረምሶች አሉ፤ ወሬውን ሰምተው ዘንጋቸውን ይዘው መጥተው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደረደሩ። እነሱም ባዶ እጃቸውን መግባት ከጀመሩ ከርመዋል። ልጁን አልጠላሁትም፤ መረብ ለሚጥሉልህ ንገራቸው፣ በመንጠቆ ካመጡልህ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ ብዬዋለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቆየች መጣች። ዛሬ እሷም አሮጊት ናት፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። የልጅ ልጇ በርጩማ ተሸክማላታለች። ምን ተፈጠረ ብላ አልጠየቀችኝም። ከጎኔ አስቀምጣው ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ልጁ እሷንም ሲያይ ቅስሙ ተሰበረ፤ መጥበሻውን አወረደና አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ እናቴ፣ ገበያዬ ተዘጋ፣ ለመሆኑ መቼ ነው የምትነሡት አላት።

«እኔ በዚህ ነገር መቀመጥ የጀመርኩት ጡት ሳልተው ነው ልጄ» አለችው ቆየች። «አልቸኩልም።»